ድሬ ላይ «አይ» ያለች እንግዳ

ወይዘሮ ሶልያና ከደብረ ታቦር በጠዋቱ ባቡር ተነስታ ድሬዳዋ የወረደችው አንድ ነገር ልትወስን ነው። ልጇ አጥናፉ መገርቱ የምትባል የድሬ ልጅ ወዶ፣ «እማዬ፣ ቤተሰቧን አይተሽ እሺ ካላልሽ አላገባትም» ብሏታል። ይህን የሚል ልጅ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? የሰፈሯ እኩዮች፣ እነማክቤል፣ እነኤልዳና፣ እነሔመን፣ ሁሉም ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ምርኩዝ ይዘው፣ የገዛ ልጆቻቸውን ሠርግ ከወሬ የሚሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሆነዋል። ለልጆቹ እንደ ዘመኑ አጥናፉ፣ ድንበሩ፣ ዘነቡ የሚል ፋሽን የሆነ ስም ወጥቶላቸዋል፤ የድሮው ምግባር ግን ከድሮው ስም ጋር አብሮ አልመጣም። ጠይቆ የሚያገባ የእሷ አጥናፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶልያና ነገሩን እንደ ዋዛ አላየችውም።

ሰው የምትመዝንበት ሚዛን ደግሞ አንድ ነው፤ እንግዳ አበላሉን ታያለች። ዓለም ምንም ቢገለባበጥ ደብረ ታቦር ላይ ሥርዓቱ ያው ነው። እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል። ያልበላ ቢሆንም ይላል፤ እንዲያውም ያልበላ ሲሆን ነው አጥብቆ የሚለው። ባለቤቷ «በሞቴ!» ትላለች። እንግዳው «ኧረ እውነቴን ነው» ይላል። «አፈር ስሆን!» ትላለች። ያን ጊዜ እንግዳው ተሸንፎ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም። በመግደርደር ደግሞ ሶልያናን የሚስተካከላት በአገሩ አልነበረም። እሷን አስገድዳ ያበላች ሴት ለወራት ይወራላታል።

ባቡር ላይ እህል አልቀመሰችም። ለመንገድ የቋጠረችውን ቆሎ አጠገቧ ለተቀመጠ መንገደኛ «በሞቴ» እያለች አስጨርሳዋለች። ድሬ ስትደርስ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነበር።

«አቦ ሶልዬ! እንኳን ደህና መጣሽ!» አላት ከጣቢያው ግድግዳ የወጣ አንድ የወጣት ድምፅ፣ እግሯ ገና የጣቢያውን ወለል ሲነካ። ድሬ እንግዳውን ሁሉ በስሙ ነው የምትጠራው፤ አንቱታ ደግሞ ድሮም አይሆንላትም። «ምሳ በልተሻል?»

ሶልያና «ሶልዬ» መባሏን እንደ መራራ ኪኒን ዋጠችው። «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጥግብ ብያለሁ» አለች።

«ጎሽ! ሰምቻለሁ።»

አብረዋት የወረዱት መንገደኞች ወደ ጣቢያው የምግብ አዳራሽ ጎረፉ። በሩ ለእያንዳንዱ እየተከፈተ፣ በስሙ እየጠራ አስገባው። እሷ ፊቱ ስትደርስ ንቅንቅ አላለም። ከበሩ በላይ በስድስት ቋንቋ «የሰው ቃል ይታመናል» ተብሎ ተጽፏል። ደግ አባባል ነው ብላ አደነቀችና አለፈች።

አጥናፉ ከውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። አጠገቡ መገርቱ፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ፣ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆማለች። ከእሷ ጎን እናቷ ወይዘሮ አናሂድ አለች፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት። የአናሂድ ቅድመ አያት የባቡር ሐዲድ ሠርቶ ድሬ የቀረ አርመን ነው፤ አያቷ ልብስ ልትሰፋ ከቬትናም መጥታ የቀረች ናት፤ የቀረው ዘሯ ኦሮሞ ነው። ሥራዋ ከተማው ላይ የተዘረጋውን የጥላ ሸራ ፀሐይዋን እየተከተሉ ማንቀሳቀስ ነው። ዛሬ በእንግዳዋ ምክንያት ፈቃድ ወስዳለች፤ ተተኪዋ ሸራውን ስላዘገየው መንገዱ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ እሳት ሆኗል።

«ሶልዬ! ነይ እቀፊኝ!» ብላ አናሂድ አጥንቷ እስኪንቋቋ አቀፈቻት።

«እንደምን አሉ፣ ወይዘሮ አናሂድ» አለች ሶልያና፣ አንቱታውን ጠበቅ አድርጋ።

አጥናፉ የእናቱን ፊት አይቶ ፈራ። ቢሆንም አስቀድመው ተማክረው ነበርና «በሉ እናንተ ተዋወቁ፤ እኛ አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር እንመጣለን» ብሎ መገርቱን እጇን ይዞ ሹልክ አለ።

«ድሬ መጥቶ የት ልብላ ብሎ የሚጨነቅ የለም» አለች አናሂድ እየሳቀች። «ጭንቁ የሰው ሆድ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ነይ ላሳይሽ!»

መጀመሪያ የወሰደቻት ከዚራ ሰፈር፣ ቱዋን የሚባል ሰው ሾርባ ቤት ነው። ቱዋን አያት ቅድመ አያቱ ከዚሁ የተወለዱ የድሬ ልጅ ነው፤ ሰው ሲሰድብ በሶማሊኛ፣ ሲያባብል በኦሮምኛ፣ ሲቆጥር ብቻ በቬትናም ቋንቋ ነው። ሾርባው ፀጉር የመሰለ የሩዝ ፓስታ አለው፤ መረቁ ላይ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት፣ የበሶብላ ቅጠል ተጥሎበት፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። እንፋሎቱ የሶልያናን አፍንጫ ሲመታው ሳታስበው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጠረጴዛው በዚያው በጣቢያው ድምፅ ተናገረ። «ሶልዬ፣ ትበያለሽ?»

«ኧረ እኔስ በልቼ ነው የመጣሁ» አለች እንደ ወጉ። «እሳቸው ይብሉ።»

ፊቷ የነበረው ጎድጓዳ ሳህን፣ ማንኪያና ሎሚ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ሆድ ሰመጠ። ከፊቷ ለጥ ያለ ባዶ ጣውላ ብቻ ቀረ። ሶልያና አልደነገጠችም፤ ገና መጀመሪያው ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ «በሞቴ»ን ጠበቀች።

አናሂድ ፈገግታዋ ትንሽ ጠውለግ አለ። «እሺ፣ እንዳልሽ» አለችና ለራሷም ሻይ ብቻ አዘዘች።

እንዳልሽ? ለእንግዳ እንዳልሽ ይባላል? ሶልያና ጆሮዋን አላመነችም። በዙሪያዋ ሰዉ ሁሉ ፉት ይላል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ደግሞ ፉት ይላል። ሁለቱ ሴቶች ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ሙቀቱ አውርተው ወጡ።

ቀጥሎ መጋላ ገበያ ነው። አንዲት ወፍራም ሴት፣ እናቷ ሐረሪ አባቷ ቤንጋሊ፣ የፈጢራ ሊጥ እንደ ነጠላ በአየር ላይ እየዘረጋች፣ ምጣድ ላይ እየጣለች፣ እንቁላል እየሰበረችበት፣ እያጠፈች፣ ማር እያፈሰሰችበት ትሸጣለች። ወረፋው መንገዱን ዘግቷል። አናሂድ እንግዳዋን አስቀድማ ከፊት አስቆመቻት። «ከዚህስ ትቀምሻለሽ?» አለቻት፣ በተስፋ።

ሶልያና በልቧ መግደርደሩን ቀለል ላድርግላት አለች። የከተማ ሰው ናት፣ ልርዳት። «አይ… እንግዲህ… ምን ብዬ… ኧረ ይቅርብኝ» አለች፣ ዓይኗን ከማሩ ሳትነቅል። ደብረ ታቦር ላይ እንዲህ ያለች ሴት ወዲያው በግድ ትጎረሳለች።

«እሺ» አለች አናሂድ በቀስታ። ከወረፋው ወጡ። እሷም አልበላችም።

ሶልያና ይሄኔ ቆጥቋጣ ናት ብላ ጠረጠረች። ቀጥላ ንቀት ይሆናል አለች። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲዞሩ ዋሉ። አናሂድ የሳምቡሳ ቤት ታሳያታለች፣ የግመል ወተት ቤት ታሳያታለች፣ ቡና በዝንጅብል የሚያፈሉ የየመኖች ቤት ታሳያታለች፤ በየደጃፉ አንድ ጊዜ ትጠይቃለች፣ ሶልያና አንድ ጊዜ «አይ» ትላለች፣ ያልፋሉ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች የአገሩን ምግብ ቤት ሁሉ በባዶ ሆዳቸው ጎበኙት። ከተማዋ ደግሞ ደግ ናት፤ እንግዳዋ መብላት እንደማትፈልግ ስለገባት ሶልያና በምታልፍበት ሁሉ ነፋሱን እያዞረች የወጡን ሽታ ከአፍንጫዋ ታርቅላት ጀመር። ሶልያና ሽታው የጠፋው በርሃብ ልቤ ደክሞ ነው ብላ ደነገጠች፤ በየመንገዱ መስቀለኛ ላይ ቆማ አየሩን እንደ ውሻ ታሸት ነበር።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወንዙ አሁን ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፤ ግራና ቀኙ ሩዝ ቤት ነው። በየጠረጴዛው ትልልቅ ትሪ ሩዝ፣ በዘቢብና በቅርንፉድ የታሸ፣ አናቱ ላይ የፍየል ሥጋ የተከመረበት፣ ተዘርግቷል። ሥጋው በቤተ ሙከራ የበቀለ፣ ፍየል የሚባል አይቶ የማያውቅ የፍየል ሥጋ ነው። ታርዶ ስለማያውቅ የእስላም ነው የክርስቲያን ነው የሚለው ጥያቄ እንኳ ከተዘነጋ ቆይቷል፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይበላል።

«ሶልዬ፣ ትበያለሽ?» አለ ጠረጴዛው።

«አይ» አለች። ይህችኛዋ «አይ» ኩርፊያ ነበረች።

ሳህኗ ሰመጠ። ሶልያና በልቧ ለአጥናፉ የምትለውን ማሰናዳት ጀመረች። ልጄ ሆይ፣ ልጅቷ ምንም አትል፤ ቤቱ ግን አይሆንም። ሙሉ ቀን አዙራኝ አንዲት ጊዜ እንኳ «በሞቴ» ያላለች ሴት፣ ነገ የልጅ ልጆቼን በሯ ላይ አቁማ «እንዳላችሁ» ነው የምትላቸው። ይህን ስታስብ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግማሹ የኀዘን፣ ግማሹ የርሃብ ነው።

«በማታው ባቡር ልመለስ ነው» አለች ቦርሳዋን እየሳበች። «ለአጥናፉ እኔው እነግረዋለሁ።»

አናሂድ የሻይ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገችው። «አቦ እውነቱን ንገሪኝ» አለች፣ ያ ትልቅ ድምጿ ጠፍቶ። «ልጄን አልወደድሻትም፣ አይደል?»

«እኔ?»

«ሳምንት ሙሉ ሰው ሳስቸግር ነው የከረምኩት። የልጄ አማት ልትመጣ ነው፣ የት ላብላት፣ ምን ትወዳለች እያልኩ። ያንን ሾርባ የእናቴ ሠርግ የተበላበት ቤት ስለሆነ ነው የመረጥኩልሽ። ፈጢራዋን ለመገርቱ ልደት ሁሌ የምገዛት ናት። አንዱንም አልነካሽም። ከተማዬን በሙሉ ተጸየፍሽው።» እንባዋ ዱብ አለ። «ደህና፣ ንገሪው። ልጄም ትችለዋለች።»

ሶልያና ከመገረሟ የተነሳ አንቱታው ጠፋት። «አንቺ ሴት፣ መቼ ብዪ አልሽኝ?»

«በየቤቱ ጠየቅኩሽ እኮ!»

«አንድ አንድ ጊዜ!»

«አንድ አንድ ጊዜ አይ አልሽ!»

«አንድ ጊዜ አይ ማለት እኮ አይ ማለት አይደለም! ማነው በመጀመሪያው እሺ የሚል? ባለጌ ነኝ እንዴ? ‹በሞቴ› ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ!»

አናሂድ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ አፈጠጠችባት። እሷ የተወለደችው የማዕድ ደንብ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ድሬ ውስጥ ስንቱ ሕዝብ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ወግ እየለመነ፣ እየማለ፣ እያስገደደ ሲያበላ፣ ገሚሱ ታመመ፣ ገሚሱ ተጣላ፤ በመጨረሻ የሰው ቃል ይታመን ተባለ። አይ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ለአናሂድ ሰውን ውሸታም እንደ ማለት ነው። ለልጇ አማት እንዲህ ያለ ስድብ ልትሰድብ?

«እና… አልበላሽም ነበር?» አለች በሹክሹክታ። «ከጣቢያው ጀምሮ?»

ሶልያና ዓይኗን ወደ ወንዙ መለሰች። ይህን ማመን ቀሚስን ገልጦ እንደ መቆም ነው። «እንግዲህ…» አለች።

«ጠረጴዛ!» ብላ አናሂድ ተጣራች። «ለእሷ ሩዝ!»

«ሶልዬ አልበላም ብላለች» አለ ጠረጴዛው። «ለሰው አፍ ሌላ ሰው አያዝም። ሶልዬ፣ ርቦሻል?»

ሶልያና ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ካላስቸገርኩ፣ ትንሽ ነገር ቢቀመስ አይከፋም።»

«አልገባኝም። ርቦሻል ወይስ አልራበሽም?»

«ሽታው ደስ ይላል ለማለት ነው።»

«ሽታውን ልመልስልሽ?»

«ኧረ በስማም!» አለች ሶልያና። ከጎናቸው ያሉት በላተኞች ማዳመጥ ጀምረዋል። ከዚያ ወዲያ ያሉትም እጃቸውን ሩዙ ላይ አቁመው ጠበቁ። እናቷ ከሞተች በኋላ ለማንም ብላው የማታውቀውን ቃል፣ ለባሏ እንኳ ብላው የማታውቀውን፣ በሰው አገር፣ በሰው ፊት ልትለው ነው። አናሂድ ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ የሶልያናን እጅ ያዘች። ሶልያና ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ርቦኛል!» ብላ ጮኸች። «ርቦኛል! ሙቼ ልወድቅ ነው! ያን ሾርባ እያማረኝ ነው የወጣሁ!»

ወንዙ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ «አቦ አብሏት እንጂ!» ብለው አምባረቁ። ትሪው ከጠረጴዛው ሆድ ብቅ አለ፤ ሽታው ተመልሶ ፊቷን አጠናት።

ሶልያና እጇን ልትሰድ ስትል አናሂድን አየቻት። አናሂድ ሩዙን የምታየው እንደ እሷው ነው።

«አንቺስ?» አለቻት።

«እንግዳዬ ሳትበላ እንዴት አድርጌ እበላለሁ?» አለች አናሂድ። «እኔም ርቦኛል። ዛሬ አንድም ነገር አልቀመስኩም።»

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች ኋላም አልተስማሙበትም። አናሂድ ወንበሯን ጎትታ ወደ ሶልያና ጎን መጣች፤ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ከአንድ ትሪ ገቡበት። ሶልያና ጠረጴዛውን «ርቦኛል» አለችው ደግማ፣ አሁን ግን ቃሉን ለምዳዋለች፤ ሁለተኛ ትሪ መጣ። በመካከሉ አናሂድ ሄዳ ቱዋንን ሾርባ አስመጣችው፤ ፈጢራዋ ሴትዮም ሱቋን ስትዘጋ የተረፋትን ይዛ ደረሰች። ሶልያና ስትበላ እንደ ወጣት ሆነች፤ ማር ከአገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሚጥሚጣው ያስነጥሳታል፣ ታወራለች። አናሂድ የልጅቷን የልጅነት ጉድ ሁሉ ነገረቻት፤ እሷም የአጥናፉን አልደበቀችም። ሲስቁ ለሰሚ ያሳፍሩ ነበር።

አጥናፉና መገርቱ ሲመጡ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ቀኑን ሙሉ ከተማውን በፍርሃት ሲዞሩ እንደዋሉ ፊታቸው ያስታውቃል፤ የሁለቱም ከንፈር ደርቋል። ባዶውን ትሪ አዩ፤ በማርና በእንባ የተጨማለቁትን ሁለቱን እናቶች አዩ፤ የተጣሉ ይሁን የተዋደዱ መለየት አቃታቸውና ቆመው ቀሩ።

«ምሳ በላችሁ?» አለች ሶልያና።

አጥናፉ ሲኖርበት የቆየው ከተማ ነውና እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። መገርቱ እግሩን ረገጠችው። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ስንት ቀን መስተዋት ፊት ስትለማመደው የከረመችውን በቀስታ፣ በደብረ ታቦር አነጋገር፣ ተናገረች።

«ኧረ በልተናል፣ እትዬ። ጥግብ ብለን ነው የመጣነው።»

ጠረጴዛው ለሁለቱ ያወጣውን ሳህን ወዲያው አሰመጠ። አናሂድም ልጇን አምና «እሺ፣ እንዳላችሁ» ልትል ነበር። ሶልያና ግን ልጅቷን አየቻት፤ የደረቀውን ከንፈሯን፣ ወደ ሌላው ሰው ትሪ ሾልኮ ሄዶ የተመለሰውን ዓይኗን፣ ውሸቷን ስትናገር የቀላውን ጆሮዋን። እንዲህ አድርጎ የሚዋሽ ሰው ከአገሯ ከወጣች ገና ማየቷ ነው። ልቧ ሞላ።

«አንቺ ውሸታም!» አለቻት፣ ወንበሩን በእግሯ እየገፋችላት። «ነዪ ልጄ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ።»